ከፔንሲዮኑ እስከ ምግብ ቤቱ አራት ደቂቃ

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ድምፁ ከመንገዱ ማዶ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ግድግዳ ሰዓት፣ እየቀረበ ሲሄድ እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ። እንግዳ ተቀባዩ ከመዝገቡ ቀና ሳይል ብዕሩን አቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ይህን ድምፅ በጆሮው ሳይሰማው ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል። «የእናቴ ሻንጣ አንዱ ጎማ ተሰብሯል» ብላ አንዲት በደብዳቤ ብቻ የሚያውቃት ልጅ ጽፋለት ነበር። «እናሠራው ብላት እሺ አትልም፤ የሚጮህ ሻንጣ ሌባ አይነካውም ትላለች። ስንመጣ ከማየትህ በፊት ትሰማናለህ።»

ይኸው ሰማ። ዘጠኝ ወር የተዘጋጀበት ነገር ነውና ተነሣ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ በሩን ትክ ብሎ ተመለከተ።

ፔንሲዮኑ አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ከተማዋ ሮጣ ሮጣ ደክሟት አረፍ ያለችበት በሚመስል ዳር ሰፈር ላይ ተሠርቷል። ከበሩ ወጥቶ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ጫማ ቤቱን፣ ቀጥሎ መድኃኒት ቤቱን፣ ከዚያ መጻሕፍት ቤቱን ያልፍና ትንሽ ዳገት ወጥቶ አራት ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ ይደርሳል። ጣቢያው ከእነሱ ወዲያ ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ እስከ መሀል ከተማው የጨርቅ ገበያ በባቡር ሃያ ሁለት ደቂቃ። ይህን ሁሉ የለካው እንግዳ ተቀባዩ ነው። እንግዳ መጥቶ «ጫማ ቤቱ ሩቅ ነው?» ሲለው «ቅርብ ነው» ብሎ አያልፍም፤ «አንድ ደቂቃ ከሩብ» ይላል። ባለሱቆቹ በዚህ የተነሣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው «ደቂቃ» ብለው ይጠሩታል። ከሥራ ሲወጣ የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ ሰዓቱን እያየ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ሌላው ሰው ለብቸኝነቱ ሬዲዮ ይከፍትለታል፤ እሱ መንገድ ይለካለት ነበር።

ደብዳቤው የተጀመረውም በዚሁ መንገድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት በአውቶቡስ በሚያስኬድ ሌላ ከተማ አሥራ አራት የልብስ ስፌት መኪና ያላት አንዲት ባለሙያ አለች። በየዓመቱ ጨርቅ ለመግዛት ስትመጣ የምታርፈው መሀል ከተማ፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ባሠራው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ሴት ልጇ፣ የስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጭ፣ ሌላ ሐሳብ አመጣች። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲጮህ ይታደራል፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የሚበላ ፍለጋ መንከራተት ነው፤ ዳር ሰፈር ብናርፍስ? እናት ሳቀችባት። ሰው ከተማ ሲሄድ ከተማ ያድራል እንጂ የከተማ ጅራት ላይ አይንጠለጠልም አለቻት። ልጅ ግን አልተወችም። በመጨረሻ እናት፣ በስልክ የተነገረ ነገር ነፋስ ነው፣ በጽሑፍ ይምጣና አየዋለሁ አለች።

ልጅቷ ለሦስት ቤቶች ጻፈች። ከሁለቱ የታተመ የዋጋ ዝርዝር መጣ። ከሦስተኛው በእጅ የተጻፈ መልስ መጣ፤ የቱ ምግብ ቤት ዓሣ ጥሩ አድርጎ እንደሚጠብስ፣ ጫማ ሻጩ ሳያጣድፍ እንደሚያስለካ፣ ከሰባት ቁጥር ክፍል መስኮት የባቡሩ መብራት ሲመጣ እንዴት እንደሚታይ የሚናገር። ልጅቷ ለማመስገን መለሰች። እሱም ምስጋናውን ለማመስገን መለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ደብዳቤው ሁለት ክፍል ሆነ። አንደኛው ገጽ ለእናት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነበር፤ ርቀት፣ ዋጋ፣ መብል። ከሥሩ የታጠፈው ግን ለእሷ ብቻ ነው። በአራተኛው ደብዳቤ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ»ና «አንተ» ገባ። በሰባተኛው እሷ የነጋዴውን ልጅ ነገር ጻፈች። ነጋዴው ለልጁ ያስባታል፣ እናቷም ጥሩ ልጅ ነው ትላለች እንጂ ነቀፋ የላትም፤ ዘንድሮም ሆቴሉ ካረፉ በእራት ላይ ነገሩ ይቆረጣል። «ከእናቴ ጋር ተዋውለናል» ይላል ደብዳቤው። «በቅድሚያ አንተ ጋ እናርፋለን። ካልተመቻት ወደ ነጋዴው ሆቴል እንሄዳለን። ሦስቱንም ቀን አንተ ጋ ከቆየች ሁሉንም እነግራታለሁ። ካልቆየች ግን...» ከዚያ በኋላ ነጥብ ብቻ ነበር። እሱ እነዚያን ነጥቦች በቃሉ ያውቃቸዋል።

በሩ ተከፈተ። እናትየዋ ቀደመች፤ ግዙፍ፣ መልከ መልካም ሴት፣ ሌላዋ ሴት ሐብል በምታደርግበት አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር አጥልቃለች። ታክሲው ካወረዳቸው ከመንገዱ ማዶ እዚህ እስክትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ብሏል። ከኋላዋ ሻንጣውን የምትጎትተው ልጅ ገባች። የእጅ ጽሕፈቷ ረጃጅም ስለነበር ረጅም ሴት ነበር የጠበቀው። አጭር ናት። ዓይኖቿ ግን ልክ እንደ ጽሕፈቷ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ምንም የማይደብቁ። ለአንድ ቅጽበት አየችው። ያቺ አንዲት ቅጽበት ለዘጠኝ ወር ደብዳቤ ሁሉ መልስ ሆነች፤ ደቂቃም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደፈጀ መናገር አቃተው።

* * *

እናትና ልጅ ሻንጣቸውን አስቀምጠው ምሳ ለመብላት ወጡ። ሁለት ሰዓት ቆይተው ተመለሱ። እናትየዋ ወደ ክፍሏ አልወጣችም። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የእሱ የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው ገጽ ነበር።

«ይሄ ያንተ ጽሑፍ ነው?» አለችው።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ከፔንሲዮኑ እስከ ምግብ ቤቱ አራት ደቂቃ ይላል። አሥራ ሦስት ፈጀብኝ። ጉልበቴን ይዤ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እንደዚያ መሆኑ ነው ያስፈራው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ለክቻለሁ። በአንድ ጣት ተሳስቼ የቆረጥኩት ቀሚስ የለም። በአራት ደቂቃ የሚዋሽ ሰው በአርባ ዓመት ምን ሊያደርግ ነው?»

የአርባ ዓመቱ ነገር ለምን እንደመጣ አልገባውም። የተሰማው ፊቱ ሲግል ብቻ ነው። እኔ ስለካው እውነቴን ነበር ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን እውነቱን መሆኑ የእሷን ጉልበት እንደማያሽር ገባውና ዘጋው። እናትየዋ ነገ ማታ በአሥራ ሁለት ተኩሉ ባቡር መሀል ከተማ እንደሚወርዱ፣ ሂሳቡ ለአንድ ሌሊት ብቻ እንዲሠራ ነግራው መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ልጅቷ ወደኋላ ቀረች። በመንገድ ላይ ምን እንደተባለች ከፊቷ ይነበባል፤ ያንን ወረቀት ይዛ እናቷ ፊት ስንት ጊዜ እንደማለችለት እሷ ናት የምታውቀው። እጇን ዘረጋች።

«የሰባት ቁጥርን ቁልፍ ይስጡኝ» አለችው።

ይስጡኝ። ቁልፉን ሰጣት። በአራተኛው ደብዳቤ የፈረሰው ግንብ በአንዲት ቃል ተመልሶ ሲሠራ ቆሞ አየ፤ ማታም ከመተኛቱ በፊት ያቺ ቃል ጆሮው ውስጥ እንደ ጠጠር ትንከባለል ነበር።

* * *

ሲነጋ ግን ደቂቃ የሚያለቅስ ሰው ሆኖ አልተነሣም። ሰው መንገድ ሲሳሳት ቁጭ ብሎ አያዝንም፤ ተመልሶ ይሄዳል። ጎህ እንደቀደደ የቀኝ ጉልበቱን እንዳይታጠፍ አድርጎ በፋሻ አሠረና አሥር ኪሎ ሩዝ በሻንጣ ይዞ ከፔንሲዮኑ በር ተነሣ። ሰዓቱን ያዘ። ጫማ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጭኑ ነደደው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ግድግዳ ፈለገ። ከመጻሕፍት ቤቱ በላይ ያለችው ዳገት፣ ያቺ በየቀኑ ሳያያት የሚያልፋት ትንሽ ዳገት፣ ተራራ ሆነችበት። ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ አሥራ ሦስት ደቂቃ ሆኗል። ሴትዮዋ አልዋሸችም። አንድ ጣት እንኳ አልተሳሳተችም።

ሱቆቹ ሲከፈቱ ከበር በር ዞረ። ወንበር ለመነ። ጫማ ሻጩ፣ ነገር ሲያገኝ ሥራ የሚያስፈታው ሰውዬ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ፋሻ አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ደቂቃ፣ አማት ሳታገኝ ጉልበት አገኘህ እንዴ?»

«ወንበሩን ታወጣለህ፣ አታወጣም?»

«አወጣለሁ እንጂ። ለሠርግህ ጫማ ሌላ ቦታ እንዳትገዛ ብቻ።»

መድኃኒት ሻጯ አልሳቀችም። ከውስጥ ባለ ትራስ ወንበር አምጥታ ጥላው የት እንደሚያርፍ አይታ አስቀመጠችው። መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ራሳቸው የሚቀመጡበትን ወንበር አውጥተው ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ ለጤናም ጥሩ ነው አሉት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አኖረች። አራት መቀመጫ ሆነ።

ከዚያ ደቂቃ ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ አዲስ ገጽ ጻፈ። ቁርስ ላይ ለልጅቷ ሰጣት፤ ለእናቷ እንድታነብላት። ተቀበለችው፤ ዓይኗን ግን አላነሣችም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሳይነበብ ሊቀር ይችላል ብሎ አሰበ። እንዲያም ሆኖ ልቡ ቀለል አለው፤ ያልተነበበ እውነት ከተነበበ ስህተት ይሻላል።

የዚያን ቀን የሆነውን ያየው በመስኮት ነው። እናትየዋ ብቻዋን ወጣች። ጫማ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ወንበሩን አየች፣ ጎንበስ ብላ በሜትሯ ቁመቱን ለካች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ከመነሣቷ በፊት አንድ ጥንድ ጫማ ገዝታ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ጋ ረዘም አድርጋ ተቀመጠች። በኋላ እንደሰማው፣ ይህ ወንበር የማነው፣ ትናንት አልነበረም ብላ ጠይቃለች። መድኃኒት ሻጯ መዋሸት የማይሆንላት ሴት ናትና፣ እንግዳ ተቀባዩ ነው ያስወጣን፣ ጠዋት እግሩን አሥሮ ሲያነክስ ነበር አለቻት። እናትየዋ የጉልበት ቅባት ገዝታ ተነሣች።

* * *

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሻንጣው ወረደ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ በደረጃው። እናትየዋ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቃሌ ቃል ነው፣ ነጋዴው ይጠብቀናል አለች። ደቂቃ መዝገቡን ዘጋ። ልጅቷ በሩ ጋ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ቆማለች።

«አንተም ና» አለችው እናት። «ከባቡሩ በፊት ሾርባ እንጠጣለን። ያንን አራት ደቂቃህን አብረኸኝ ሂደው።»

ሄዱ። እሱ ከጎኗ፣ ልጅቷ ሻንጣውን ይዛ ከኋላ። እሷ ስትቆም ቆመ፣ ስትቀመጥ ቆሞ ጠበቃት፣ ስትነሣ አብሯት ተራመደ። ዳገቱ ላይ ክንዱን ዘረጋላት፤ አየችውና አልያዘችውም፤ ትንሽ ቆይታ ያዘችው። ጫማ ሻጩ እንኳ አፉን ዘግቶ ነበር። ያ መንገድ ለደቂቃ አዲስ ሆነበት። የመጻሕፍት ቤቱ መስኮት ሥር ድመት እንዳለች፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ አንድ ሰው ክራር እንደሚለማመድ እዚህ በሠራበት አራት ዓመት ውስጥ ሰምቶትም አይቶትም አያውቅም። በአራት ደቂቃ የሚያልፍ ሰው ለካ ይህን ሁሉ ጥሎ ነው የሚያልፈው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሻንጣው ከእናትየዋ ወንበር ጎን ቆመ። ሾርባው መጣ። ማንም ማንኪያ አላነሣም።

«ወንበሮቹን ለምን አስወጣህ?»

«ዳገቱን ማንሣት አልቻልኩም፣ እትዬ። ወንበር ማስወጣት ግን እችላለሁ።»

እናትየዋ ከቦርሳዋ በክር የታሠሩ ፖስታዎች አወጣች። ልጅቷ ደነገጠች፤ ባዶዎቹን ፖስታዎች እንደጣለቻቸው ነበር የምታውቀው።

«ዘጠኝ ፖስታ መጣልን» አለች እናት። «ልጄ ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ አነበበችልኝ። እኔ ጨርቅ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ የምለይ ሴት ነኝ። ፖስታውን ከፖስተኛው የምቀበል እኔ፤ የአንድ ገጽና የአራት ገጽ ውፍረት አይለይላትም ብላችሁ ነው?»

«እማዬ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የሰው ደብዳቤ አላነብም፤ አላነበብኩም። ትናንት ግን ያ አራት ደቂቃ እንቅልፍ ነሣኝ። ገጽ አንድ ላይ እናቷን የዋሸ ሰው፣ ገጽ ሁለት ላይ ልጄን ምን ብሏት ይሆን?»

ደቂቃ የአርባ ዓመቱ ነገር አሁን ገባው። መልስ ሊሰጥ ሲል ልጅቷ ቀደመችው። ከቦርሳዋ የጠዋቱን ወረቀት አውጥታ ዘረጋች። ብዙ ጊዜ የተነበበ መሆኑ ከእጥፋቱ ይታወቃል። ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ የገጽ አንድ ድምፅ ነበር፣ ለእናት የሚነበበው።

«ከፔንሲዮኑ እስከ ምግብ ቤቱ አሥራ ሦስት ደቂቃ፤ አራት መቀመጫ አለው። ከዚህ በፊት አራት ደቂቃ ብዬ የጻፍኩት ስህተት የእኔ ነው። መንገዱን የለካሁት ብቻዬን ስሄድ ነው። ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምሄደው። ከሰው ጋር ሲሄዱ ስንት እንደሚፈጅ አላውቅም ነበር።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስታነብ ድምፅዋ ተሰበረ። ወረቀቱን አስቀምጣ በመዳፏ ሸፈነችው። ደቂቃ ጠረጴዛውን አየ፤ ገጽ አንድ ላይ ገጽ ሁለትን እንደጻፈ ያኔ ነው የገባው።

ከውጭ የባቡሩ ጥሪ ተሰማ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀራል ማለት ነው።

«ከዚህ እስከ እኛ ከተማስ ስንት ነው?» አለችው በመጨረሻ።

ደቂቃ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። አልፈራም። እንዴት እንዳልፈራ ራሱም በኋላ ገርሞታል።

«አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። እኔ ግን ያልሄድኩበትን መንገድ ከእንግዲህ አልጽፍም። እርስዎ ከፈቀዱልኝ መጥቼ እለካዋለሁ። ከዚያ ከእሷ ጋር ደግሞ ስሄደው ስንት እንደሚሆን፣ ያንን አሁን መናገር አልችልም። ዕድሜዬን ሊፈጅ ይችላል።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናት ልጇን አየች። ሁለቱ ዓይኖች፣ አንዱ ከሌላው የተቆረጠ የሚመስል፣ የሚለካኩ ይመስል ቆዩ። ከዚያ እናትየዋ ያልነካችውን ሾርባ ወደፊት ገፋ አደረገችና ተነሣች። ልጅቷ አብራ ልትነሣ ስትል እናት እጇን ትከሻዋ ላይ አኖረች፤ ቀስ አድርጋ ወደ ወንበሩ መለሰቻት። ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ተወች። የሻንጣውን እጀታ እንደ ምርኩዝ ያዘችና፣ ደህና እደሩ ሳትል፣ እመለሳለሁም ሳትል ወጣች።

በሩ ተዘጋ። ሁለቱ አልተንቀሳቀሱም። ከምግብ ቤቱ በር ወደ ግራ ጣቢያው ነው፤ ወደ ቀኝ ፔንሲዮኑ። ከተቀመጡበት መንገዱ አይታይም። የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ቀጭ፣ ቀጭ። ቆመ። በሩ ፊት ቆማለች። የልጅቷ እጅ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ የእሱን እጅ አገኘ።

ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ወደ ቀኝ። ዳገቱን ቁልቁል፣ ቀስ ብሎ። አግዳሚው ጋ ዝም አለ፤ ተቀምጣለች። ባቡሩ ከግራ በኩል ገባ፣ በሮቹን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ዝምታው ቀጠለ። ደቂቃ ሰዓቱን አላየም።

«ሾርባህ ቀዘቀዘ» አለችው ልጅቷ፤ ዕንባዋ አገጯ ላይ ነው።

ከታች፣ ከመጻሕፍት ቤቱ አካባቢ፣ ያ የተሰበረ ጎማ እንደገና ጀመረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ወደ ሰባት ቁጥር።